በአጥራችን ስላለው እንጨት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር



በእንዲህ ያለው በዓል ላይ ስለ ትልልቅ ነገር መናገር የተለመደ ነው። ስለ ዕውቀት ብርሃን፣ ስለ ሀገር ፍቅርና ስለ ዕድገት ብዙ ሰምተናል፤ ወደ ፊትም እንሰማለን። እኛ የዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ግን ዛሬ ልንናገር የመረጥነው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም በቤት ውስጥ በገዛ እጅ ስለሚሠራ ጠረጴዛና ወንበር ነው። ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ እንዳትሰለቹ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ጆሯችሁን እንድታውሱን በትሕትና እንለምናለን።

ጠረጴዛ ምን ያህል ነገር ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ማታ ማታ ወደየቤታችን ገብቶ ይመልከት እንለዋለን። ደብተሩን በጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ወይም በአልጋ ጠርዝ ላይ አጎንብሶ ያላጠና ከእኛ መካከል ጥቂት ነው። መጽሐፍ ለመግዛት የሚተጋ ወላጅ ለመጽሐፉ ማስቀመጫ ሲሆን ዐቅሙ ያጥርበታል። ቢገዛም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከሩቅ ተጭኖ የመጣ የችፑድ ዕቃ ነው። ጎሬና መቱ ያሉበት ይህ አገራችን ደግሞ ከኢትዮጵያ እጅግ ዝናብ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ችፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ርጥበት ሲገባበት ጠርዙ እንደ ሊጥ ያብጣል፤ ምስማሩም ይለቃል። አንድ ጊዜ ካበጠ በኋላ የሚጠግነው አናጢ የለም።

ይህን በማሰብ ከክፍላችን ጥቂት ልጆች ተሰብስበን፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን አንዳንድ የማጥኛ ጠረጴዛ ለመሥራት ተስማማን። ሥራውን ስንጀምር የመራን አንድ ከሩቅ አገር የመጣ ሐሳብ ነበርና፣ አስቀድመን እርሱን እንንገራችሁ።

በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ አገር የፋብሪካ አገር ሆና ነበር። (የውጭ አገሩን ታሪክ ሁሉ የምንናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ዕቃው በመኪና እየተሠራ በርካሽ ይወጣል፤ ነገር ግን ብዙው ዕቃ ደካማነቱን በማይረባ ጌጥ የሚሸፍን ነበር። ጆን ረስኪን የተባለ ደራሲ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው አንዲት ቍራጭ ሥራ ብቻ ዕድሜ ልኩን ሲደጋግም አእምሮው ይደኸያል ሲል ተቃወመ። ከእርሱ የተማረው ዊልያም ሞሪስም በ1861 ከወዳጆቹ ጋር የራሱን ድርጅት አቋቁሞ የቤት ዕቃ፣ ጨርቅና የመስታወት ሥዕል ማሠራት ጀመረ። በ1887 የተመሠረተ አንድ የኤግዚቢሽን ማኅበር ደግሞ ለዚህ እንቅስቃሴ ስም ሰጠው፤ ‹አርትስ ኤንድ ክራፍትስ› ተባለ፤ በእኛ ቋንቋ ‹ጥበብና የእጅ ሥራ› ማለት ነው።

ሐሳቡ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ጉስታቭ ስቲክሊ የተባለ የቤት ዕቃ ሠሪ ተቀበለው። ስቲክሊ ከ1901 እስከ 1916 ‹ዘ ክራፍትስማን› የሚባል መጽሔት ያወጣ ነበር። በመጽሔቱም የወንበርና የጠረጴዛ ንድፍ ከነልኩ እያተመ፣ አንባቢው በቤቱ ራሱ እንዲሠራው ያደፋፍር ነበር። የዚህ ዐይነቱን ዕቃ የአሜሪካ ሕዝብ ‹የሚሲዮን ዕቃ› ብሎ ጠራው፤ ስሙን ያገኘው በካሊፎርኒያ ከነበሩት ከጥንቶቹ የስፓኝ ሚሲዮኖች ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርን፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጋዝና መዶሻ እንድንይዝ የታዘዝን ልጆች ይህን ስም ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

የዚህ ዕቃ ሕግ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቅርጹ ቀጥ ያለና ቀላል ነው፤ የማይሠራ ጌጥ አይለጠፍበትም። ሁለተኛ፣ እንጨትና እንጨት የሚገናኝበት መጋጠሚያ አይደበቅም፤ እንዲያውም ጌጡ እርሱ ራሱ ነው። ሦስተኛ፣ የእንጨቱ መልክ በቀለም አይሸፈንም። እነዚህን ሦስት ሕጎች ለመፈጸም የተመረጠው እንጨት ኦክ ነበር። በኦክ ግንድ ውስጥ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ እንደ ፀሐይ ጨረር የሚዘረጉ ሰፋፊ ሥሮች አሉ። ግንዱ በአራት ተከፍሎ ጣውላው በእነዚህ ጨረሮች አቅጣጫ ሲሰነጠቅ፣ ፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ዝንጕርጕር ይወጣል። ከውበቱም በላይ እንዲህ የተሰነጠቀ ጣውላ ብዙ አይጣመምም፤ እንጨት በዓመት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚጨማተተው በጨረሩ አቅጣጫ ከሚጨማተተው እጥፍ ያህል ነውና።

እንግዲህ ኦክ በእኛ ዱር አይበቅልም። ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ዐይናችን የሄደው ወደ ዱራችን ነበር። አባቶቻችን በእንጨት ሥራ ድኾች አልነበሩም። በጎረቤታችን በጅማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ምስማርም ኮላም አያውቅም። ሦስት እግር ያለው ዕቃ በጎርባጣ ወለል ላይ አይንገዳገድም፤ ሦስት ነጥቦች አንድ ጠለል ይወስናሉ የሚለውን የጂኦሜትሪ ትምህርት ጠራቢው ከእኛ በፊት በእጁ ያውቀው ነበር። ሞሪስ ሊያስተምር የደከመበት ነገር፣ ማለት ዕቃው እንዴት እንደ ተሠራ በግልጥ እንዲታይ ማድረግ፣ በርጩማችን ላይ ከጥንት ጀምሮ አለ።

ለእንዲህ ያለው ሥራ አባቶቻችን አብዝተው የሚወዱት ዋንዛን ነው፤ በኦሮምኛ ወዴሳ የምንለውን። ዋንዛ ለመጥረቢያና ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ጠረጴዛም በርም ቀፎም የሚሆን እንጨት ነው። ነገር ግን ዋንዛ ቆሞ ሳለ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ይበልጣል። ቡናችንን ያጠላል፤ ነጭ አበባው ንብ ይቀልባል፤ ፍሬውንም በልጅነታችን ያልበላን የለንም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ ዛሬ በሌላ ቢተካም የተከለከለበት ምክንያት አልተለወጠም። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ የምናገኘው የያዮ የቡና ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ደን ውስጥ ቡና ሰው ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። እንዲህ ያለውን ደን ለወንበር ብለን ብንቈርጥ፣ ለመቀመጫ ስንል ቤቱን እንዳፈረሰ ሰው እንሆናለን።

ስለዚህ ዐይናችንን ከዱር መልሰን ወደ አጥራችን አደረግን። በዚያ ግራቪሊያ ቆሞ አገኘነው። ግራቪሊያን የማያውቅ የለም፤ በየግቢው፣ በየትምህርት ቤቱ ዙሪያ፣ በየቡናው መካከል አለ። አገሩ የአውስትራሊያ ምሥራቅ ነው፤ በፍጥነት ያድጋል፤ ቅርንጫፉ ሲቈረጥ መልሶ ያወጣል። እኛ የምናውቀው ለጥላ፣ ለአጥርና ለማገዶ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ‹ሐር መሳይ ኦክ› የሚል ስም ሰጥተውታል። በዘሩ ከኦክ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ስሙን ያገኘው እንጨቱ እንደ ኦክ ያሉ ሰፋፊ ጨረሮች ስላሉትና በልቡ አቅጣጫ ሲሰነጠቅ ያንኑ የሚያብለጨልጭ ዝንጕርጕር ስለሚያሳይ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የሚባለው ይህ ነው። ሰው ለኦክ ውድ ዋጋ ሲከፍል፣ እኛ የኦክን መልክ በምድጃ እናነድዳለን።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንናገር፤ ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ሊሞክረው የሚወድ አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ ድካማችን ከንቱ አይሆንምና።

ዛፉ የሚቈረጠው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቢሆን ይመረጣል። ውፍረቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባያንስ መልካም ነው። ግንዱ መጀመሪያ ለአራት ይከፈላል፤ ከዚያ ጣውላው የዓመት ቀለበቶቹ በፊቱ ላይ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ሆኖ ይሰነጠቃል። ሰንጣቂውን አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በልማድ ግንዱን ከዳር እስከ ዳር ዝም ብሎ ይሰነጥቀዋልና። እንዲህ ሲሆን ጥቂት እንጨት ይባክናል፤ የሚገኘው ጣውላ ግን ቀጥ ብሎ ይኖራል።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ርጥብ እንጨት ዛሬ ቢገጠም ነገ ይሰነጠቃል። ጣውላው ከጣሪያ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝበትና ፀሐይ በማይመታው ስፍራ፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተጋደመ ይደረደራል። ጫፍ ጫፉ ቶሎ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ሰም ይቀባል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚለው የአናጢዎች ልማድ ነው። እኛም የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን የደረደርነውን ዘንድሮ አነሣነው።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፤ መጋዝ፣ መላጊያ፣ አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ መሮ፣ የእንጨት መዶሻ፣ መሰርሰሪያ፣ የማዕዘን መለኪያና እርሳስ ይበቃሉ። ጠረጴዛችን ቁመቱ 75፣ ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። እግሮቹ በየጎናቸው 6 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ገበታውን የሚሸከሙት አግዳሚዎች ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላቸው።

ዋናው ነገር መጋጠሚያው ነው። በእግሩ ላይ በመሮ ቀዳዳ ይበሳል፤ በአግዳሚው ጫፍ ላይ በቀዳዳው ልክ ምላስ ይወጣል። የምላሱ ውፍረት የአግዳሚው ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ይሁን፤ ቢቀጥን ምላሱ ይሰበራል፤ ቢወፍር እግሩ ይሰነጠቃል። ምላሱ ከገባ በኋላ ሁለቱን ባንድነት የሚያቋርጥ የወይራ ችካል ይመታበታል። በዚህ ላይ አንድ ጥበብ አለ። በምላሱ ላይ ያለው የችካል ቀዳዳ በእግሩ ላይ ካለው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ምላሱ ሥር ቀረብ ተደርጎ ይሰረሰራል። ችካሉ ሲመታ ሁለቱ ቀዳዳዎች እንዲገጥሙ ስለሚያስገድድ ምላሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ያለ ሞርሳና ያለ ኮላ እንኳ መጋጠሚያው ይጠብቃል። የታችኛው ረጅም አግዳሚ ደግሞ ምላሱ በጎን አግዳሚዎቹ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣና በሽብልቅ ይታሰራል። ሽብልቁ ሲነቀል ይህ አግዳሚ ይለቃል፤ በጊዜ ብዛት ቢላላም በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታ ማድረግ ይበቃዋል።

ገበታው በምስማር አይቸነከርም። እንጨት በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠብባል፤ በርዝመቱ ሳይሆን በስፋቱ። ተቸንክሮ የተከለከለ ገበታ መንገድ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሥሩ ትንንሽ የእንጨት መያዣዎች ተደርገውለት፣ በአግዳሚው ውስጥ በተበሳ ስንጥቅ እንዲንሸራተት ይተዋል።

መጨረሻው ማልበስ ነው። በዚህ ነገር ኢሉባቦርን የሚያህል አገር የት ይገኛል? ማር ባለበት ሰም አለ። ሰሙ ፈላ ባለ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል፤ በእሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም። በተልባ ዘይት ተለውሶ በጨርቅ ይታሻል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ። የግራቪሊያ ብናኝና ቅጠልም የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካልና ረጅም እጀታ መልበስ ይገባል። ደግሞም ግራቪሊያ ምስጥን አይቋቋምም፤ ወለሉ አፈር ከሆነ እግሮቹን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማቆም ነው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤

አሁን በልባችሁ ሁለት ነገር ሳትሉ እንዳልቀራችሁ እናውቃለን። አንደኛው፣ «ይህን ሁሉ ከመድከም መግዛት አይሻልም ወይ?» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ጊዜ ዋጋ አለው። የእንግሊዝ ሰዎችም ይህ ጥያቄ ጥሏቸዋል። የሞሪስ ዕቃ በእጅ የተሠራ በመሆኑ ውድ ሆኖ ለባለጸጋ ቤት ቀረ። አሽቢ የተባለው በ1888 በለንደን ያቋቋመው የእጅ ሠራተኞች ማኅበር በ1902 ወደ ገጠር ቢዛወርም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፈረሰ፤ ስቲክሊም በ1915 ከሰረ። እኛም በዚህ ሥራ ባለጸጋ እንሆናለን አንልም። ነገር ግን ስቲክሊ ከከሰረ በኋላ እንኳ ሰዎች ከመጽሔቱ ንድፍ ወስደው በየቤታቸው የሠሩት ጠረጴዛ አልከሰረም። ለራሱ የሚሠራ ሰው ደመወዝ አይከፍልም፤ የሚያወጣው የበዓል ቀንና የዕረፍት ጊዜ ብቻ ነው።

አገራችን ደግሞ ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ መቀበልን ከቆየ ዘመን ጀምሮ ታውቀዋለች። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በ1894 ዓ.ም. ከተዋዋሉ በኋላ ጋምቤላ የንግድ ወደብ ሆና፣ የኢሉባቦር ቡና በጎሬና በቡሬ አልፎ በክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ጨው፣ ጨርቅና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ነበር። መርከቡ ከቀረ ዘመን የለውም ሊባል በማይችል ጊዜ አልፏል፤ ልማዱ ግን አልቀረም። ዛሬ በበደሌ፣ በያዮ፣ በሁሩሙ፣ በመቱና በጎሬ መንገድ እንጨት ጭኖ የሚወጣ መኪና ይታያል፤ ወንበር ጭኖ የሚገባም ይታያል። ሁለቱ መኪናዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ፣ በመካከላቸው የቀረው ዋጋ የእጃችን ሥራ ዋጋ መሆኑን ልብ እንበል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። «ልጄን ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርሁት አናጢ እንዲሆን ነውን?» የሚል ወላጅ አለ። በዚህ ላይ በግልጥ እንናገር። በሀገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ጠራቢውን የሚያዋርድ ስድብ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ ይህ ስድብ ሀገር እንደሚጎዳ አይተው በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ስሙን ለውጦ በመካከላችን አለ። ፈተና ላልቀናው ተማሪ «እንግዲህ ሙያ ይግባ» ስንል፣ ሙያን የወደቀ ሰው ማረፊያ እያደረግነው ነው። አንድ ምላስ በቀዳዳው ልክ እንዲገባ ለማድረግ ግን ልኬት፣ ጂኦሜትሪ፣ የእንጨት ባሕርይ ዕውቀትና ትዕግሥት ያስፈልጋል። በሒሳብ ክፍል በግማሽ ሚሊ ሜትር የሳተ ሰው ከነጥቡ ጥቂት ይቀነስበታል፤ በመጋጠሚያ ላይ የሳተ ግን ጠረጴዛው ይወዛወዝበታል።

ከእኛ መካከል ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስ ወይም ገበሬ የሚሆን ይኖራል። ሁላችንም አናጢ እንሁን አንልም። የምንለው፣ በገዛ እጁ አንድ ጠንካራ ዕቃ የሠራ ሰው ሌላውን የእጅ ሠራተኛ ከዚያ ወዲያ ሊንቅ አይችልም ነው። ሥራው የወሰደውን ላብ በራሱ ጀርባ አውቆታልና።

ስለዚህ ከመሰናበታችን በፊት ሦስት ልመና እናቀርባለን። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ከዚህ ግቢ ግራቪሊያ በሚቈረጥበት ጊዜ ሁሉ ለማገዶ ከመከመሩ በፊት ቀጥ ያለው ግንድ ለጣውላ እንዲመረጥ፣ በቈረጣችሁት ምትክም ሁለት እንዲተከል እንለምናለን። ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ መጋዝ ይዞ ስታዩት ከጥናቱ እንደ ሰነፈ አትቍጠሩት፤ ለጥናቱ ቦታ እያበጀ ሊሆን ይችላል። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ በዚህ ዓመት ጣውላ ደርድሩ፤ ዓመት አልፎ በሚደርቅበት ጊዜ እናንተም ወደ ላይኛው ክፍል ትደርሳላችሁ፤ መሣሪያ ለሚቸግረው የእኛን እናውሳለን። ይህ ሥራ የወንዶች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከሠራናቸው ጠረጴዛዎች መጋጠሚያቸው ጠበቅ ያሉት የእኅቶቻችን ናቸው።

 እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ያጽናልን፤ ሀገራችንንም ይባርክ።